አንሴልሞ ላይ የተጻፈው ወረቀት

ዱይታማ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994

ለወንድሜ ልጅ ለኤደልሚራ ፑሊዶ፣

የሾፌሮች ጠባቂ የካርሜኗ እመቤት ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። አክስትሽ ኦብዱሊያም ሰላም ብላሻለች፤ ያለችው ግን እያለቀሰች ነው።

አባትሽ ሞቶ የዘጠኝ ቀን ጸሎቱ ባለቀ ማግስት ጋራዡን ብከፍት መኪናችን እልኸኛዋ የለችም። መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ። ሌባ መስሎኝ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ በሌሊት ልብሱ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት እየሳቀች፣ «ዶን ሄሊዮዶሮ፣ ሌባውማ የወንድምዎ ልጅ ናት፤ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ነፍታልኝ አለፈች» ያለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ አደረግሽኝ።

ድንች ወይም ሲሚንቶ ልታመላልስ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ትናንት ግን ከሶጋሞሶ የመጣ ሾፌር ካሳናሬ ወርደሽ፣ ከኋላዋ የኩባንያ ቦቴ ቀጥለሽ፣ ድፍድፍ ነዳጅ እንደምትጭኚ ነገረኝ። ኤደልሚራ፣ እኔ ነዳጅ አውቃለሁ። ልጅ ሆነሽ በእነዚህ በተቃጠሉ ሁለት መዳፎቼ ማንኪያ ጨብጬ ሾርባ ስጠጣ እያየሽ ነው ያደግሽው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

እልኸኛዋን ከነሙሉ ጎማዋ ከትንሣኤ በፊት መልሺ። ልጄ ኤሊዬሰር ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድም አለው፤ እሱ ይነዳታል። የመኪናዋ ግማሽ በስሜ መሆኑን አትርሺ። ግማሽ መኪና ደግሞ ብቻውን አይሄድም።

አጎትሽ፣
ሄሊዮዶሮ ፑሊዶ


አግዋሱል፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን ሄሊዮዶሮ፣

እግዚአብሔር ወገብዎን ያበርታልዎ፣ የአክስቴንም እንባ ያብስልኝ። እኔ ፀሐዩ ካጠቆረኝ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ግማሽ መኪና ብቻውን አይሄድም ብለዋል። እውነትዎን ነው፤ ስለዚህ የእርስዎንም ግማሽ ይዤ ሄድኩ።

አጎቴ፣ ሳልሰናበትዎ መሄዴ ጥፋት ነው፤ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ መሄዴ ግን አልጠይቅም። አባቴ መሪ ሲያስጨብጠኝ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በታመመባቸው በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሲሚንቶውን ማን ሲያመላልስ ነበር? ብቻዋን ነዳች እንዳይባል አባቴን ጋቢና ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እያስቀመጥኩ እኔ ነበርኩ የምነዳው። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ እርስዎም አልከለከሉኝም።

እዚህ ሞሪቻል የሚባለው የነዳጅ ቦታ በር ላይ በመጀመሪያው ቀን ዘበኛው፣ «ሾፌሩ የት አለ?» አለኝ።

«ፊትህ ቆሟል» አልኩት።

«ሴትዮ፣ ሥራ አታስፈቺኝ፤ ባልሽን ጥሪው።»

«ባል ቢኖረኝ ኖሮ ከኋላዬ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር» ስለው ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሚተናኮለኝ የለም። ቢተናኮሉኝም እመልሳለሁ።

አንድ አባት የሚሆኑ ሰው አግኝቻለሁ። ዶን አንሴልሞ ቲባዱይሳ ይባላሉ፤ የሶጋሞሶ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ነድተዋል። ቦቴ ከአናቱ እንዴት እንደሚሞላ፣ ክዳኑ ሲከፈት ፊት እንዴት እንደሚዞር፣ ያልሞላ ቦቴ ከሞላው ይልቅ አደገኛ መሆኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት የጎድን ሾርባ አብረን እንጠጣለን፤ ሁልጊዜ አጥንቱን ለእኔ ይተዉልኛል።

እልኸኛዋ አትመለስም። ከፈለጉ መጥተው ይውሰዷት።

አክባሪዎ፣
ኤደልሚራ


ዱይታማ፣ ማርች 13 ቀን 1994

ኤደልሚራ፣

ቸሩ አምላክ ልቦና ይስጥሽ።

መጥተው ይውሰዷት አልሽ? እሺ። ኤሊዬሰር ከትንሣኤ ማግስት በአውቶቡስ ይመጣል። ቁልፉን ያለ ንትርክ ስጪው። እኔ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ሄሊዮዶሮ

ማስታወሻ፦ ፍሬኑ አሁንም ወደ ቀኝ ይጎትታል? የሚጎትት ከሆነ ቁልቁለት ላይ ስትጠመዘዢ ቦቴ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ፊት ተገፍቶ እስኪመለስ ጠብቂ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍሬን የሚነካው። ይህን ያልኩሽ ለመኪናዋ አዝኜ ነው።


አግዋሱል፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና፣ ሰላምና ጥሩ እንቅልፍ እመኝልዎታለሁ። የፓይፓ ከተማው አይብ ደርሶኛል። ማን እንደላከው አልተጻፈበትም፤ ግን ጥቅሉ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ነው የታሰረው። እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ኤሊዬሰር ደርሷል። ነጭ ጫማ አድርጎ ከአውቶቡስ ወረደና ሰላም ሳይለኝ «ቁልፉን» አለኝ። ሰጠሁት። ያለ ንትርክ ብለውኝ የለ!

ከሞላን በኋላ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ ጎኑ ተቀመጥን። ሜዳው ላይ ያፏጭ ነበር። ዳገቱንም እንደምንም ወጣው። ቶኪያን አልፈን ወደ ሶጋሞሶ መውረድ ስንጀምር ግን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፉጨቱ ቆመ።

«ኤደልሚራ፣ እየገፋን ነው!»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ከኋላ ያለው ነገር!»

«እሱማ ሠላሳ ቶን ድፍድፍ ነው። ወደ ኋላ አትይ። ማርሽህን አውርድ፤ ፍሬኑን ተወው፣ ተወው አልኩህ!»

አውርዷል፤ ይህን አልነፍገውም። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቁሞ ወረደ፣ ነጭ ጫማው ላይ አስታወከ፣ ተመልሶም ቁልፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከኋላችን ይከተሉን የነበሩት ዶን አንሴልሞ መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና፣ «አይዞህ፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን አስታውኬያለሁ። ልዩነቱ፣ እኔ መኪናውን አላቆምኩም» አሉት።

አሁን ኩባንያው ስምሪት ክፍል ቀጥሮታል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ የጽሕፈት መኪናም ይችላል፤ የሾፌሮችን ተራ የሚጽፈው እሱ ነው። ደስ ብሎታል። እርስዎም ደስ ይበልዎ።

ከአዲሶቹ ጉድጓዶች አንዱ፣ ሰባት ቁጥሩ፣ ክፉ ሽታ አለው። ዶን አንሴልሞ፣ «የበሰበሰ እንቁላል ሲሸትሽ ፍሪ፤ መሽተቱን በድንገት ካቆመ ሩጪ» ይሉኛል። ጭምብል ይምጣልን ብለን ሁለት ጊዜ ጠይቀናል።

ፍሬኑ አይጎትትም። በሁለተኛው ሳምንት አሠርቼዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ኤደልሚራ


አግዋሱል፣ ጁን 12 ቀን 1994

አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለኤፕሪሉ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም፤ ግን መልስ እስኪመጣ አልጠብቅም።

ዶን አንሴልሞ ሞቱ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰልፉ ላይ እሳቸው አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነበርን። ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። ባራኦና የሚባለው የጭነት አለቃ ሰባት ቁጥር ጋ እንዲጭኑ ጠራቸው። እሳቸው ሰማዩን አዩና፣ «ዛሬ ነፋስ የለም። ወይ ጭምብል ስጠኝ፣ ወይ ነፋስ እስኪነሣ ልቆይ» አሉት።

«ጭምብሉ የመጣው ለኢንጂነሮች ነው። ካልፈለግህ ከሰልፉ ውጣ፣ ሽማግሌ። ከኋላህ የሚፈልግ ሞልቷል።»

ዞር ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ መኪናሽን ወደ ኋላ አርቂያት» አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው። መሰላሉን ወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ፊታቸውንም እንዳስተማሩኝ አዙረው ነበር። አልጠቀማቸውም። ጉልበታቸው ታጠፈና ከቦቴው አናት ጠጠሩ ላይ ወደቁ። ትንፋሼን ይዤ ሮጥኩ፤ ብብታቸው ሥር ገብቼ ጎተትኳቸው። ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ አለፉ።

ማታውን ኤሊዬሰር በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «ሟቹ የአልኮል ሽታ ይታይበት ነበር፤ ሳይታዘዝ በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ ክዳን ከፈተ» ይላል። ከሥሩ ስድስት የምስክር መስመር አለው፤ አምስቱ ተፈርሞበታል።

«የቀረሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ዓይኔን አያየኝም።

«ኤሊዬሰር፣ ዶን አንሴልሞ መጠጥ ከተዉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ጠዋት ከሾርባው ሌላ የጠጡት ትኩስ ቸኮላታ ብቻ ነው፤ ከእኔ ጋር።»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ምን ላድርግ? አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ።»

ሰክሮ ሞተ ከተባለ ባለቤታቸው ዶኛ ፊደሊና አንዲት ነገር አያገኙም። ስማቸውም የሰካራም ሚስት ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱን እንዳለ መለስኩለት። አልፈርምም።

ኤደልሚራ


ዱይታማ፣ ጁን 24 ቀን 1994

የወንድሜ ልጅ ኤደልሚራ፣

ለሟቹ ዘላለማዊ ብርሃን ያብራለት። አክስትሽ ሻማ አብርታለታለች።

አሁን በጥሞና ስሚኝ። ፈርሚ። የሞተ ተጎዳ፤ ያንቺ ፊርማ ከመቃብር አያስነሣውም። ከኩባንያው አንድ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በጣም ትሑት ሰው ነው፣ አበባ ለአክስትሽ ይዞ መጣ። ልጄ ኤሊዬሰር በዓመቱ መጨረሻ ቋሚ እንደሚሆን ነገረኝ። ስላንቺም ጠየቀኝ። የመኪናዋ ግማሽ የእኔ መሆኑን ያውቃል፤ ከየት እንዳወቀ ግን አላውቅም።

አምስት ወንዶች ፈርመዋል፤ ቤተሰብ ያላቸው፣ የተከበሩ ሰዎች። አንቺ ከእነሱ በምን ትበልጫለሽ? ዓለም እንዲህ ናት ልጄ። ሰው ይፈርማል፣ ቤቱ ይገባል፣ ሾርባውን ይጠጣል። እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ፈርሚና ዝም በይ። ወይም መኪናዋን ይዘሽ ነይ፤ አልቆጣሽም።

አጎትሽ


አግዋሱል፣ ጁላይ 3 ቀን 1994

ለዶን ሄሊዮዶሮ ፑሊዶ፣

እግዚአብሔር እርስዎንም እኔንም ይቅር ይበለን።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ ግን የእርስዎ አልመስል አለኝ። እየሰደቡ ያሳደጉኝ አጎቴ የት ሄዱ? ስድብዎን እመርጥ ነበር።

አይ፣ አልፈርምም። ከስም ዝርዝሩ አውጥተውኛል፤ እልኸኛዋ በሩ አጠገብ ከቆመች አሥር ቀን ሆናት። ኤሊዬሰር በየጠዋቱ ዝርዝሩን ሲለጥፍ የእኔን ስም ዘሎ ነው፤ ለጥፎም ሮጦ ይገባል። ባራኦና ትናንት በጋቢናዬ መስኮት በኩል፣ «ለምን ትራቢያለሽ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው» አለኝ። «አንድ ከሆነ ራስህ ፈርምበት፤ አንተም እዚያው ነበርክ» አልኩት። እስካሁን አልፈረመም።

እርስዎ ሾፌር ነበሩ፣ አጎቴ። እጅዎ ሲቃጠል እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር፤ እንዴት እንደሆነም ማንም አልነገረኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በቁጣ ሳይሆን ከልቤ ነው። እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት በእርስዎ ላይ ቢፈርም ኖሮ ምን ይሉት ነበር? «ቤተሰብ አለው፣ የተከበረ ሰው ነው» ይሉ ነበር?

ዶኛ ፊደሊና ትናንት ከሶጋሞሶ መጥተው ነበር። አላለቀሱም። «ልጄ፣ ባሌ ሰክሮ ነበር?» ብቻ ነው ያሉኝ። «አልሰከሩም» አልኳቸው። «ይህን በሰው ፊት ትያለሽ?» አሉኝ። «እላለሁ» ብያለሁ። ብያለሁና እላለሁ።

ኤደልሚራ


አግዋሱል፣ ጁላይ 18 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ዝም ብለዋል። ከብዶኛል፤ ግን የሆነውን ሳልነግርዎ ልተው አልቻልኩም።

ለካርሜኗ እመቤት በዓል ሾፌሮች እንደ ልማዳችን መኪናችንን በወረቀት አበባና በፊኛ አስጌጥን። ከቅዳሴ በኋላ አግዋሱልን ዞረን ጥሩምባ እየነፋን ወደ ጉድጓዶቹ መንገድ ወጣን። ባራኦና «በዓሉ አለቀ፤ ሰባት ቁጥር ጋ ጫኑ» ሲል፣ ከፊት የነበረው ሾፌር ወረደና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከአምስቱ ፈራሚዎች አንዱ ነው።

«ጭምብል ሳይመጣ አልወጣም» አለ። «ያን ወረቀት ስፈርምም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስሜን አውጡልኝ።»

ከኋላው ያለው ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። አጎቴ፣ የሞተር ድምፅ አንድ በአንድ ሲጠፋ ሰምተው ያውቃሉ? መጨረሻ ላይ ሜዳው ላይ የሚግጡት ላሞች ደወል ብቻ ቀረ። አርባ ሁለት መኪና ከነአበባው መንገድ ላይ ቆሟል። ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። የመንደሩ ሰው ጥጃ ጠብሶ አመጣልን፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በገና ሲመቱ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ጎማ እናቃጥላለን ብለው የመጡ ነበሩ፤ አባረርናቸው። ዶን አንሴልሞ ጭስ አይወዱም ነበር።

የሥራ ጉዳይ ተቆጣጣሪው በኦገስት ዮፓል ላይ ሁላችንንም እንደሚሰማ አስታውቋል። እኔ ዋናዋ ምስክር ነኝ።

ኤደልሚራ


ዱይታማ፣ ጁላይ 28 ቀን 1994

ልጄ ኤደልሚራ፣

እመቤታችን ባለሽበት ትድረስልሽ።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሃያ አምስት ቀን ፈጀብኝ። እጄ ብቻ አይደለም ያዘገየኝ።

እንዲያ ያለ ወረቀት እኔም ላይ ተጽፏል። በ1968 ነው። ከማግዳሌና ወንዝ ዳር ቤንዚን ጭነን የምንመጣ ሁለት መኪኖች ነበርን፤ እኔ አንዱን፣ አባትሽ ሌላውን። የማራገፊያው ቱቦ ያፈስ ነበር። ነግሬያቸዋለሁ፤ «አራግፍ» አሉኝ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ብልጭታ ያዘኝ። ሆስፒታል ሦስት ወር ተኛሁ። ስወጣ ወረቀቱን አሳዩኝ፦ «ሲጋራ እያጨሰ ነበር» ይላል። ሲጋራ በሕይወቴ አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከሥሩ አንድ ምስክር ፈርሟል። ሮሴንዶ ፑሊዶ። አባትሽ።

ከሥራ እንዳያስወጡት ፈርቶ ነው። እናትሽ አንቺን ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን እኔም አውቅ ነበር። አንድ ቀን አልጠየቅሁትም፣ እሱም አንድ ቀን አላነሣውም። እልኸኛዋን የገዛ ጊዜ ውሉን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ ግማሹ በስሜ ነበር። «ለምን?» አላልኩትም። ሃያ ስድስት ዓመት እሑድ እሑድ አብረን ምሳ በላን፤ እሱ ስጋውን ይቆርጥልኛል፣ እኔ እበላለሁ። ያ ወረቀት ግን በመካከላችን ተቀምጦ አብሮን ይበላ ነበር። ሬሳውን ስሰናበትም አልወጣልኝም።

ፈርሚ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንቺ እምቢ ካልሽ፣ እሱም እምቢ ማለት ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ አልፈለግሁም። አሁን ግን አወቅሁ፤ ማወቁም አልገደለኝም።

አባትሽን አትጥዪው። ፈሪ ነበር፣ ክፉ አልነበረም። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ያ ትሑት ሰውዬ ሰኞ ተመልሶ መጣ። የእኔን ግማሽ ኩባንያው ሊገዛ ይፈልጋል፤ ከሸጥኩላቸው እልኸኛዋን ከበሩ ያነሷታል ማለት ነው። አበባውን እጁ ላይ መልሼለት፣ «ጌታዬ፣ ያቺ መኪና የቆመችው ሙሉዋን ነው፤ ግማሿ አይሸጥም» አልኩት። አክስትሽ በሩን በላዩ ላይ ዘጋችበት፤ እንዲያውም ጠረቀመችው።

ለኤሊዬሰርም ጽፌለታለሁ። ለአንቺ የነገርኩሽን ሁሉ ነገርኩት። «ወረቀቱን የመታኸው አንተ ነህ፤ ማን እንዳስመታህ ታውቃለህ። ቋሚ ሥራ ከፈለግህ ሌላ ቦታ ፈልግ» አልኩት።

አትፈርሚ። ቆመሽ ተናገሪ።

አጎትሽ ሄሊዮዶሮ


አግዋሱል፣ ኦገስት 21 ቀን 1994

ለምወድዎ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ የጻፈችውንም እጅ ይባርካት። ደብዳቤዎን ጋቢና ውስጥ በር ቆልፌ ነው ያነበብኩት። ስለ አባቴ አልቅሻለሁ። ስለ እርስዎም። አልጠላሁትም፤ ግን ቢኖር ኖሮ አንድ ቀን ሙሉ እጮህበት ነበር፤ እሱም ዝም ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ዮፓል ላይ የሆነውን ልንገርዎ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ዶኛ ፊደሊና ከፊት ተቀምጠዋል። የኩባንያው ጠበቃ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ፈገግ ብሎ፣ «ወይዘሮ፣ የአልኮልና የጋዝ ሽታን ለይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ አባቴን ዓመት ሙሉ ከመጠጥ ቤት ደግፌ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ጋዙንም ስድስት ወር ተንፍሼዋለሁ። ሁለቱንም ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ። ዶን አንሴልሞን በእነዚህ ክንዶች ነው የጎተትኳቸው፤ ከጋዙ ወጥተን ስተነፍስ አፋቸው አፌ አጠገብ ነበር። የሸተተኝ ቸኮላታ ነው።»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ። ጠበቃው፣ «የአንዲት ሴት ቃል በአምስት ምስክር ላይ» ብሎ ሲጀምር፣ አራቱ ተራ በተራ ተነሥተው ፊርማቸውን አነሡ። አምስተኛው ከነጭራሹ አልመጣም።

ያኔ ኤሊዬሰር ከኋላ ተነሣ። መሪ እንደሚይዝ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጧል፤ የቶኪያን መታጠፊያ አስታወሰኝ። ኪሱ ውስጥ የወረቀቱ የካርቦን ቅጂ ነበረው። «ይህን የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «ባራኦና እያነበበልኝ ነው። የሰዓት ማኅተም አለው፤ አራት ሰዓት ከአርባ ይላል። ሐኪሙ ሬሳውን ያየው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰክሮ ነበር የሚለውን የጻፍነው ማንም ሳይመረምረው ነው።» ከዚያ ዶኛ ፊደሊናን አይቶ፣ «ይቅር ይበሉኝ» አለና ተቀመጠ። እሳቸው ይቅር ማለታቸውን አላውቅም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ወረቀቱ ተሰርዟል። ዶን አንሴልሞ በሥራ ላይ እንደሞቱ ተጽፏል፤ ለባለቤታቸው የሚገባው ሁሉ እንዲሰጥ ታዟል። ለእያንዳንዱ ሾፌር ጭምብል መጥቷል። ባራኦና ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ አሉ፤ አልታሰረም፣ ይህ ያንገበግበኛል። ኤሊዬሰር በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ። አሁን ጋቢናዬ ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ የእኔንም የአሬፓ ቂጣ ይበላል።

ሁሉም ሥራ ሲጀምር አዲሱ አለቃ፣ «ለሌሎቹ በሩ ክፍት ነው፤ ያንቺ ስም ግን ዝርዝሩ ላይ የለም» አለኝ።

«የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው እስኪኖር እዚሁ እቆማለሁ» ብዬ ሞተሬን አጠፋሁ። ከኋላዬ ያለውም አጠፋ። እንግዲህ የቀረውን ያውቁታል። በማግስቱ ጠዋት ስሜ በእስክሪብቶ ከታች ተጨምሮ ነበር፤ «ኤደልሚራ» በሁለት ሚ ተጽፎ። አላረምኩትም።

ትናንት ሰባት ቁጥር ጋ ጫንኩ። ጭምብሉ ፊት ያሳክካል፣ ላብ ያጠምቃል። መሰላሉን ወጥቼ ክዳኑን ስከፍት ፈርቻለሁ፤ ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ለእርስዎ ግን እናገራለሁ። ሞልቼ፣ ዘግቼ፣ ወርጄ ሄድኩ።

ልጅዎ፣
ኤደልሚራ


ዱይታማ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1994

ልጄ ኤደልሚራ፣

ፈጣሪ ጉልበትሽን አይንሳሽ። አክስትሽ ደብዳቤሽን ለሰፈሩ ሁሉ አነበበች፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ሰማች።

ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነበርኩ። ከሰዎቹ አንዱ፣ «ዶን ሄሊዮዶሮ፣ የወንድምዎ ልጅ አርባ መኪና አስቆመች የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። «ውሸት ነው፣ አርባ ሁለት ነው» አልኩት። ሌላው ደግሞ፣ «ሴት ልጅ እንዲህ ስትሆን ቤት ውስጥ የሚገስጻት ወንድ የለም እንዴ?» አለ። ተነሣሁ፣ ግማሽ ፊቴ ሳይላጭ፣ እጆቼን ከፎጣው ሥር አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለት። «እነዚህን እይ» አልኩት። «እነዚህ እንዲህ የሆኑት የሚናገር ሰው ስላልነበረ ነው።» ከዚያ እንዴት እንደተቃጠልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተናገርኩ። ረጅም ነው፤ ሁሉም ሰሙኝ። ወንድሜን አልደበቅሁትም፣ አላዋረድኩትምም። ቤቴ ስገባ ቀለል ብሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በጠራራ ፀሐይ።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ልትቀበዪኝ ብለሽ ተራሽን እንዳታሳልፊ፤ ሰልፉ ላይ ፈልጌ አገኝሻለሁ። ኤሊዬሰር መሐል ይቀመጥ፤ እኔ የመስኮቱን በኩል እፈልጋለሁ። ከተቃጠልኩ ወዲህ ነዳጅ የጫነ መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም። እፈራ ይሆናል። ብፈራም እኔ ስላለሁ ብለሽ ቀስ እንዳትዪ፤ እንደ ሁልጊዜሽ ንጂ።

አጎትሽ፣
ሄሊዮዶሮ ፑሊዶ